ሦስት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦፓል ስታምፐር ትልቁን ድስት ጥዳ፣ ሁለት የእንጨት ማማሰያ አዘጋጅታ፣ የናዲንን ወንበር ወደ ምድጃው አስጠግታ ተቀመጠች። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የናዲን መኪና አልመጣችም። የበቆሎ ስታርች ደግሞ ሰው ቀረ ብሎ አይጠብቅም፤ መወፈር ሲጀምር ካላማሰሉት ይጓጉላል። ኦፓል ተነሥታ በአንድ እጇ እያማሰለች በሌላው መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ መንገዱን ታይ ጀመር።

ስልኩ የጮኸው አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

«ኦፓልዬ፣ እንዳትቆጪኝ» አለች ናዲን። «ዴሊያ ቤት ነኝ። የዋልነት ፍሬ ልጣጭ ቀቅለን የብዕር ቀለም እየሠራን ነው። ጥቁረቱን ብታዪው! እጄ እስከ ክርኔ ቁራ መስሏል።»

ከጀርባዋ የሌላ ሴት ሳቅ ይሰማል።

«ምን ያስቆጣኛል?» አለች ኦፓል። «ክንዴ አልተቆረጠ፤ ብቻዬን አማስለዋለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ድስቱ ሥሩ አርሮ ጠበቃት።

ነገሩን ሳናድበሰብስ እንናገረውና፣ ኦፓል ቀንታለች። በስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ሁለተኛው መደዳ ላይ እየተቀመጠች፣ እንደ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እርር ድብን ብላለች። ባሏ ሃርላን ቀዝቃዛ ሻዩን ሊቀዳ ማድ ቤት ሲገባ ፊቷን አየና «ማን ሞተ?» አላት።

«ማንም አልሞተም። ናዲን ቀረች።»

«እሱማ ከሞትም ይብሳል» ብሎ ብርጭቆውን ይዞ ሹልክ አለ።

ሐሙስ የሁለቱ ቀን ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ናዲን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆና በተቀጠረችበት ዓመት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ለልጆች የሥዕል ገበታ ልክፈት ብላ ተነሣች፤ ቀለም የሚገዛላት ግን አጣች። ኦፓል «ቀለም ምን ይገዛል? ማድ ቤቴ ምን ሠርቶ ይበላል?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱ ድስት ይጥዳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ይቀባሉ። ከስታርችና ከስኳር የጣት ቀለም ይሠራሉ፤ ከዱቄትና ከጨው ልጆች የሚያድቦለቡሉት ሊጥ፣ ከተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጠመኔ። የተሰባበረውን የሰም ቀለም ደግሞ በኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ አቅልጠው ክብ ክብ አድርገው ያወጡታል። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ዛሬ መኪና የሚነዳ ወጣት ሁሉ በልጅነቱ የኦፓልን ቀለም ዝቆ ግንባሩን ለቅልቋል።

የኦፓል ቀለም በሁለት ነገር ስም አትርፏል። ወር ቢቀመጥ አይሻግትም፤ ሽታውም ደስ ይላል። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ብልቃጥ ነው። ድስቱ ሲወርድ ኦፓል ሦስት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ጣል ታደርግበታለች፤ እናቷ ለጥርስ ሕመም ብላ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው የነበረ ዘይት ነው። ናዲን ድሮ አንድ ቀን «ይሄ ለምንድን ነው?» ብትላት «ለሽታው ነዋ፤ ልጆቹ ይወዱታል» ብላ አለፈቻት። ናዲንም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም።

ከሁለት ዓመት በፊት የናዲን ባል ዶይል በድንገት ሲሞት፣ ሐሙስ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ አብራት የተቀመጠችው ኦፓል ናት። ልብሱን ከቁም ሣጥን አብራት አውጥታለች፤ አልበላም ስትል በማንኪያ አብልታታለች። ከዚያ በኋላ ናዲን ትመጣለች፣ ታማስላለች፣ ታወራለች። አትስቅም እንጂ። ኦፓል ያላመጣችው ቀልድ የለም፤ ናዲን ግን ፈገግ ትልና ዓይኗን መልሳ ድስቱ ላይ ትተክላለች።

ዴሊያ የመጣችው ባለፈው ሚያዝያ ነው። የሟቿ የሩቢ የልጅ ልጅ ናት፤ ሌክሲንግተን ከተማ ስትሠራ ቆይታ ሸለቆው ጫፍ ያለውን የአያቷን ቤት ወርሳ ገባች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የወንድ ቦቲ ትጫማለች፣ አሮጌ ፒክአፕ ትነዳለች፣ ከውሻዋ አትለይም። አንድ ቅዳሜ ምድር ቤቱ ብቅ አለችና «እኔም ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አለች። ትንሽ ትንሹ ምን ሆኖ ተገኘ? ከወንዙ ዳር ያለውን ቀይ አፈር አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በእንቁላል አስኳል ለውሳ ቀለም ታወጣለች። የወይን ሐረግ ቆርቆሮ ውስጥ አሽጋ እሳት ውስጥ እየከተተች የሥዕል ከሰል ትሠራለች። ከውሻዋ ጭራ ጸጉር ቆርጣ ብሩሽ ታስራለች። ልጆቹ ውሻውን ለማየት ብቻ መሰለፍ ጀመሩ።

ይህን ሁሉ ኦፓል ትችለው ነበር። ልጅ አዲስ ነገር ይወዳል፣ ነገ ደግሞ ይሰለቸዋል። የፊት ጥርሱ የወለቀ አንድ ልጅ «ሚስ ኦፓል፣ የእርስዎ እኮ የሕፃናት ነው» ሲላት እንኳ «አንተ መቼ ነው ሽማግሌ የሆንከው?» ብላ ስቃ ተወችው። ያልቻለችው ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ ከገበታው ወዲያኛው ጫፍ ዴሊያ በናዲን ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለቻት፤ ናዲንም ሳቀች። ፈገግታ እንዳይመስላችሁ። እንባዋ እስኪወርድ፣ የገበታውን ጠርዝ ይዛ እስክትጎብጥ፣ ዶይል በሕይወት እያለ እንደምትስቀው ሳቀች። ኦፓል ሁለት ዓመት ስትለምነው የከረመችውን ሳቅ ይህች የትናንት መጤ በአንድ ሹክሹክታ አወጣችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። ደስ አላላትም። ከዚያ ወዲያ ነው ናዲን ሐሙስ ሐሙስ መቅረት የጀመረችው።

መስከረም ላይ ኦሃዮ ያለችው እኅቷ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ሆነና ኦፓል ሁለት ሳምንት ልታስታምማት ተነሣች። ጊዜው ክፉ ነበር። በየዓመቱ በመከር ሰልፍ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ጋሪ ይወጣል፤ ጋሪውን ዙሪያውን የሚያለብሱትን ሸራ ልጆቹ በእጃቸው ይቀቡታል። ለዚያ አርባ ብልቃጥ ቀለም ቀደም ብሎ ተሠርቶ ምድር ቤቱ ውስጥ መደርደር አለበት።

«አሠራሩን ለዴሊያ ጻፊላት» አለች ናዲን። «እኔም አግዛታለሁ።»

«አንቺ ታውቂው የለም እንዴ?»

«እኔ የማውቀው ማማሰል ነው። ልኩን መቼ አሳይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ የዚያን ሸለቆ ሴቶች አመል መናገር ግድ ይላል። አንዲት ሴት የኬኳን አሠራር ብትጠየቅ እምቢ አትልም፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። በቆንጆ ካርድ፣ በቆንጆ ጽሕፈት ጽፋ ትሰጣለች፤ አንዲት ነገር ግን ታስቀራለች። ቁንጥር ጨው ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ሊጡን አንድ ቀን ማሳደር። ተቀባይዋ ጋግራ አልሆን ሲላት «እንዳንቺማ ከየት ይመጣል?» ትላለች፤ ሰጪዋም «ምድጃሽ ይሆናል» ብላ ታጽናናታለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የኦፓል አማት የእንጆሪ ኬኳን አሠራር በሠርጓ ቀን ሰጥታት፣ ኦፓል የጎደለውን ያገኘችው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ግን የኬክ ነገር ነው። በልጆች ቀለም እንዲህ ያደረገ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ኦፓል ማድ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። ስታርች ይህን ያህል፣ ስኳር ይህን ያህል፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ማንኪያ፣ የምግብ ቀለም እንደተፈለገው። እስኪያንጸባርቅ ማማሰል፣ ከዚያ ማውረድ። እዚያ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። የዘይቱ ብልቃጥ መስኮቱ ላይ ሆኖ ያያታል። የናዲን ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ አቃጨለ። «ወደ ብልቃጥ ገልብጦ መክደን» ብላ ጻፈችና ካርዱን አጠፈችው።

በማግሥቱ ናዲን ባለችበት ለዴሊያ ሰጠቻት።

«ሚስ ኦፓል፣ ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል!» አለች ዴሊያ። «ባዶ እጅዎንማ አልሰድዎትም።» ከኪሷ ሌላ የተጻፈ ካርድ አወጣች፤ የዋልነት የብዕር ቀለም አሠራር ነበር።

«ውይ የኔ ማር፣ ምን አስቸገረሽ?» አለች ኦፓል።

ናዲን ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው። «እናንተ ስትስማሙ እኮ ነፍሴ ነው ደስ የሚላት» አለች።

የእኅቷ ጓሮ ውስጥ ትልቅ የዋልነት ዛፍ አለ። እኅቷ ስትተኛ ኦፓል የወደቀውን ለቅማ፣ አረንጓዴ ልጣጩን አንሥታ፣ በካርዱ መሠረት ቀቀለች። ቡኒ ወጣ። ዴሊያ የምታወጣው ጥቁር ነው። ልጣጭ ጨምራ ደገመች፤ ቡኒ። ሦስተኛ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ጥዳው ዋለች፤ ጠቆር ያለ ቡኒ። ካርዱን አምስት ጊዜ አነበበችው፤ ያጎደለችው ነገር የለም። ማንኪያውን አስቀምጣ ጣቶቿን አየቻቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ቀለም ሠርቼ የልጣጭ ውሃ ያቅተኝ? አረጅቻለሁ ማለት ነው። ናዲን ወደዚያች ብትሄድ ምን ይፈረድባታል? እኅቷን እንዳትቀሰቅስ አፏን በፎጣ ይዛ አለቀሰች።

በማግሥቱ ስልክ ደወለች። ልትናገር ነበር፤ በእውነት ልትናገር ነበር።

«ኦፓል!» አለች ናዲን። «አሁን ሠላሳኛውን ብልቃጥ ከደንን። ዴሊያ እየዘፈነች ነው የምታማስለው፤ ድምፅዋ ደግሞ የፍየል!» ሁለቱም ሲንከተከቱ ተሰማ። «ስሚ እንጂ፣ ሽታው ብቻ ነው የጎደለው። ያ የምትጨምሪው ነገር ካርዱ ላይ የለም። ልጆቹ ቅር ይላቸው ይሆን?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር። ያ ሳቅ ግን ገና አላለቀም፤ ከናዲን ጀርባ ዴሊያ አሁንም ትንከተከታለች። የኔ ቦታ ነበር እኮ፣ አለች ኦፓል በልቧ።

«ሽታ ምን ያደርጋል?» አለቻት። «ሳይሸትም ይቀባል።»

ሰልፉ ቅዳሜ ነው፤ ሸራው የሚቀባው ዐርብ ልጆቹ ከትምህርት ሲለቀቁ። ኦፓል ሐሙስ ማታ ገብታ ዐርብ ምድር ቤቱ ወረደች። ያን ሰሞን ሙቀቱ አልወጣ ብሎ ቤቱ ታፍኗል። ሸራው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ አርባ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ዙሪያውን ተንበርክኳል፣ እናቶቹ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ዴሊያ የመጀመሪያውን ክዳን ፈታች።

መጀመሪያ የመጣው ግማቱ ነው። ከዚያ ሰማያዊው ቀለም ላይ የአይጥ ጸጉር የመሰለ ግራጫ ሻጋታ ታየ። «የሞተ ነገር አለበት!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አንዲት ሕፃን የዴሊያ ቦቲ ላይ አስመለሳት። ዴሊያ ሁለተኛውን ከፈተች፣ አሥረኛውን ከፈተች፤ ሁሉም አንድ ነው። «ይሄን ነው ልጆቻችን በእጃቸው ሊዝቁ የነበረው?» አለች አንዷ እናት። ሌላዋ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ «ከውሻ ጋር ነው አሉ የምትሠራው» አለች።

የዴሊያ ፊት አመድ መሰለ። «ዕቃዬን ሁሉ አጥቤ ነው የሠራሁት» አለች። «ካርዱ ላይ ያለውን ነው ያደረግሁት።»

ኦፓል በሩ አጠገብ ቆማለች። የጠበቀችው ደስታ መጣ፤ አልመጣም ብንል እንዋሻለን። ሁለት ትንፋሽ ያህል እንኳ ግን አልቆየላትም። ናዲን አንዱን ብልቃጥ አንሥታ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ ቀና አለችና በልጆቹ ራስ ላይ አሳልፋ ኦፓልን አየቻት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ናዲን፣ ዓይኗን ከኦፓል ሳትነቅል። «አሠራሩን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ አንድ መስመር ዘልያለሁ። ዴሊያ ላይ ማንም ቃል እንዳይሰነዝር!»

በማግሥቱ ጋሪው ነጭ ሸራውን እንደለበሰ በዋናው መንገድ አለፈ። የትምህርት ቤቱ ባንድ ከፊት፣ የእሳት አደጋ መኪናው ከኋላ ሆኖ፣ መሃል ላይ ያ ሸራ ብቻ ባዶውን ሄደ። ናዲን ጋሪው ላይ ቆማ ለሕዝቡ እጇን ታውለበልባለች። ኦፓል አጠገብ ስትደርስ እጇን አወረደችው።

ሐሙስ ኦፓል ድስት አልጣደችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የናዲን መኪና ደጇ ላይ ቆመች። ናዲን ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ኦፓል ስንት ሐሙስ የተመኘችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን ባትመጣ በወደደች። ናዲን ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለሽታው ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«በስልክም ጠይቄሻለሁ።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ለምን ኦፓል? ያቺ ልጅ ምን አደረገችሽ?»

«አሳቀችሽ» አለች ኦፓል። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አሳፈራት። «እኔ ሁለት ዓመት ሞክሬ ያልሆነልኝን፣ እሷ ሹክ ብላ አሳቀችሽ። ሐሙሴንም ወሰደችብኝ። በቅናት በግኜ ነው ናዲን፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ናዲን ካርዱን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ያን ቀን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ልጅ ሆና የትምህርት ቤት ዕረፍቷን ሩቢ ቤት ስታሳልፍ፣ የሩቢ ዝይ ዶይልን አባርራው ሱሪው አጥሩ ላይ ተቀዶ ሲቀር አይታዋለች። ዶይል ደግሞ ለኔ ሚስማር ቀደደኝ ነበር ያለኝ። ያን ነው የነገረችኝ። አንቺ ግን እሱ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን ስሙን ጠርተሽልኝ አታውቂም።»

«እንዳላስለቅስሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አሁን ተነሺ፤ ሹራብሽን ልበሺ።»

የዴሊያ ቤት ከደጁ ጀምሮ በረኪና ይሸታል። አርባው ብልቃጥ ታጥቦ ፎጣ ላይ ተደፍቷል፣ ውሻው ውጭ ታስሮ ያላዝናል። የዴሊያ እጅ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል።

«ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ቀቀልኳቸው» አለች። «ሴቶቹ እውነታቸውን ይሆናል። ቅዳሜ አልመጣም ሚስ ናዲን፤ ለልጆቹ እኔ አልሆንም።»

«ቤትሽ ንጹሕ ነው» አለች ኦፓል። ከሹራቧ ኪስ የዘይቱን ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቅርንፉድ ነው። ሦስት ጠብታ፣ ድስቱ ሲወርድ። እንዳይሻግት የሚያደርገው እሱ ነው። ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም። ረስቼ አይደለም።»

ዴሊያ ብልቃጡን አየች፣ ኦፓልን አየች። ኦፓል ስድብ ጠበቀች፤ ቢመጣ ይቀላት ነበር። ዴሊያ ግን ወደ መስኮቱ ሄደች። ከአንድ ጣሳ ውስጥ የሆነ ነገር አውጥታ ከብልቃጡ አጠገብ አስቀመጠች። የዛገ ሚስማር ነው።

«ይሄ ደግሞ ከልጣጩ ጋር ይቀቀላል» አለች ወለል ወለሉን እያየች። «የሚያጠቁረው እሱ ነው። እኔም አልጻፍኩትም።»

ኦፓል ሚስማሩ ላይ አፈጠጠች። «ሦስት ጊዜ ቀቀልኩት እኮ!» አለች። «እጄ ሄደ፣ አረጀሁ ብዬ አለቀስኩ!»

«እኔ ደግሞ ውሻዬን ከቤቴ አስወጣሁ!»

«ሩቢ ናት ያስተማረችሽ?»

«ታዲያ ማን ያስተምረኛል? አያቴ እኮ የኬኳን አሠራር ለገዛ ልጇ እንኳ አሟልታ አልሰጠችም።»

«ግን ለምን? እኔ ምን በድዬሽ?»

ዴሊያ ፊቷን ጠረገች። «ሚስ ናዲን እዚህ መጥተው ስለ ምን እንደሚያወሩ ያውቃሉ? ኦፓል እንዲህ አለች፣ ኦፓል እንዲህ ነው የምታማስለው፣ ኦፓል ይሄን ብታይ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድ ጓደኛ አገኘሁ፤ እሷም የእርስዎ ናት። ቅናት አንገበገበኝ።»

ሁለቱም ናዲን ትስቃለች ብለው ጠበቁ። ናዲን አልሳቀችም።

«ጨረሳችሁ?» አለች። «አርባ ልጅ እያለቀሰ ቤቱ ገብቷል። እኔ ዋሽቼ፣ በየደጁ እየዞርኩ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እናንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላችሁ እኔን እንደ ኬክ ትቆርሱኛላችሁ። በሉ ጻፉ።»

ሁለቱም እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅረው አሠራራቸውን በአዲስ ካርድ ላይ ሳያጎድሉ ጻፉ። ናዲን አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ቅዳሜ ለወላጆቹ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ሐሙስ የትም አልሄድም፣ ቤቴ ነኝ። የፈለገኝ ይምጣ» ብላ ወጣች። መኪናዋ ስትሄድ ነው ኦፓል መመለሻ እንደሌላት ያወቀችው። ዴሊያ በፒክአፑ ወሰደቻት፤ ውሻው መሃላቸው ተቀምጦ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ይልሳል፣ እነሱ ግን እስከ ደጇ መንገዱን ብቻ ያያሉ።

ቅዳሜ ተናገሩ። ከእናቶቹ አንዷ «የልጆች ቀለም ኬክ መሰላችሁ?» አለቻቸው። ጣቶቻቸው እስኪጨማደዱ የልጆቹን ገበታ አጽድተው ወጡ።

ሐሙስ ኦፓል ድስቷን መኪናዋ ውስጥ ጭና፣ ከሌላው ቀን ቀደም ብላ ናዲን ቤት ደረሰች። ፒክአፑ ቆሟል። ቀድማኛለች! ከመኪናዋ ሳትወርድ በመስኮቱ አየች። የናዲን ማድ ቤት ውስጥ ያለው ወንበር ሁለት ነው፤ የሷና የዶይል። ዴሊያ የዶይል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያው የቆየው ቅናት ተመለሰባት። ቁልፉን መልሳ ልታዞር ምንም አልቀራት። ከዚያ ድስቷን አቅፋ ወረደች።

ስትገባ ዴሊያ ብድግ አለች። «ይቀመጡ ሚስ ኦፓል፣ ቦታው የእርስዎ ነው።»

«ተቀመጪ» አለች ኦፓል። «እኔ ቆሜ ነው የማማስለው።» ድስቱን ጣደች፣ ስታርቹን በጠበጠች። ኦፓል ጀርባዋን እንደሰጠች ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያ ወንበር የኋላ እግሩ አይታመንም፤ እንዳትደገፊው። ዶይል ተንፈላስሶ ሲደገፈው ከነሾርባው ነው የተዘረጋው።»

ናዲን የያዘችውን ብልቃጥ አስቀመጠች። ዓይኗ ሞላ። ኦፓል አስለቀስኳት ብላ ደነገጠች፤ ግን አላቆመችም።

«ተዘርግቶ ጣራውን እያየ ምን አለ? ‹እንኳንም ፈሰሰ፤ ጨው የለውም!›»

«ጨው የሌለውማ» አለች ናዲን፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አንቺ የሰጠሽኝ ካርድ ላይ ጨው ስላልነበረበት ነው!»

ከዚያ ሳቀች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ኦፓል ማማሰያዋን እንደያዘች ያንን ሳቅ ጠጥታ ልትጨርሰው አልቻለችም። ዘወር ስትል ዴሊያን አየቻት። ዴሊያ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች፣ ከንፈሯ ግን እሺ አይላትም። ዓይኗ ከናዲን ወደ ኦፓል፣ ከኦፓል ወደ ናዲን ይመላለሳል። ኦፓል ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ለብሳው ከርማለች።

ሁለተኛውን ማማሰያ አንሥታ ዘረጋችላት።

«ነይ የኔ ማር» አለቻት። «ሥሩ እንዳያርብን።»